ፍሪሲዮኑ ደህና ነበር

ሰቆጣ ውስጥ ስለ አባቴ ስለ ምንዋጋው ብትጠይቁ "ውሸት የማያውቅ መካኒክ" ይሏችኋል። ቀላል ምስክርነት አይደለም። "ነገ ና፣ ይደርሳል" የምትለዋ የመካኒኮች ሁሉ ውሸት እንኳ ከአፉ ወጥታ አታውቅም፤ የማይደርሰውን አይደርስም ይላል፣ ደንበኛውም እየተነጫነጨ ይሄዳል። እኔ ሴት ልጁ ብርሃን ግን አንድ ጊዜ ሲዋሽ አይቼዋለሁ። የዋሸው ስለ ፍሪሲዮን ነው። የዋሸውም እናቴን ነው።

ጋራዡ ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የያሲን የመለዋወጫ ሱቅ ግድግዳ ላይ የተደገፈ የቆርቆሮ ዳስ ነበር። ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ትምህርት ግማሽ ቀን ስለሆነ ከሰዓት በኋላ እዚያ ነው የምውለው፤ የቤንዚን ሽታ፣ የተቃጠለ ዘይት፣ ቀኑን ሙሉ የማይዘጋው የያሲን ሬዲዮ። ቀሚሴ ላይ ታጥቦ ከማይለቀው ጥቁር ቅባት የተነሳ የክፍሌ ልጆች "ግራሶ" ይሉኝ ነበር። ስድብ መሆኑ አልገባኝም። ግራሶ ያልነካው ነገር ሁሉ እንደሚንቋቋ አባቴ ነግሮኝ ስለነበር፣ ሲጠሩኝ ኮራ እያልኩ አቤት እል ነበር።

"ሰው ያመመውን ይደብቃል፤ ሞተር አይደብቅም" ይል ነበር አባቴ። "ዋናው አጠያየቁን ማወቅ ነው።"

አጠያየቁን ለኔ አስተማረኝ። ፍሪሲዮን ማለት በሞተሩና በጎማው መሃል ያለ እጅ ነው፤ ሲጨብጥ የሞተሩ ጉልበት ወደ ጎማው ይሄዳል፣ ሲለቅ ይቋረጣል። ፍሪሲዮኑ የተጠረጠረ አሮጌ ሞተር ሳይክል ሲመጣለት አባቴ መጀመሪያ በግራ እጅ በኩል ያለችውን ማንሻ በጣቱ ጫፍ ነካ ነካ ያደርጋታል። ትንሽ ልልነት ከሌላት የሽቦ ገመዷ፣ ካቦው፣ ከመጠን በላይ ተወጥሯል፤ ልልነቷ ከበዛ ደግሞ ፍሪሲዮኑ በደንብ አይለቅም፣ ማርሽ ሲገባ ይንገጫገጫል። ቀጥሎ አቀበት ያወጣዋል። ሞተሩ እየጮኸ ጎማው ካልተከተለው የፍሪሲዮኑ መጨበጫ ዲስክ አልቋል፤ እሱን አፍንጫም ያውቀዋል፣ ይሸታል።

የመጨረሻውን ፈተና ግን ከሁሉም አስበልጬ እወደው ነበር። ሞተሩን አስነስቶ ሦስተኛ ማርሽ ያስገባል፣ ሁለቱንም ፍሬን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል፣ ትንሽ ነዳጅ ይሰጥና ማንሻዋን ቀስ ብሎ ይለቃታል። ጎማው ታስሮ ሳለ ሞተሩ መጮኹን ከቀጠለ ፍሪሲዮኑ ታሟል፤ መጨበጥ አቅቶታል። ድርግም ብሎ ከጠፋ ግን ጤነኛ ነው።

"ሲጠፋ ነው ደህና የሚባለው፤ አይገርምሽም ብርዬ?" ይለኝ ነበር። በጣም ይገርመኝ ነበር።

የራሳችን ሞተር ድሮ ቀይ የነበረች ናት። አንድ ፕሮጀክት ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ የጣላት፣ አባቴ ከሞት ያስነሳት አሮጊት። በዚያ ሰሞን ዲስኳንና ሞላዎቿን ለውጦላት ስለነበር እንደ ኮረዳ ትዘል ነበር። በዋሸበት ቀን ጠዋት እንኳ እኔን ከኋላ ጭኖ ወደ ትምህርት ቤት ሲወስደኝ አቀበቱን አውጥታናለች፣ አንዴም አላንገራገረችም።

ይህችን ሞተር የማይወዱ አንድ ሰው ነበሩ፤ የእናቴ አባት፣ አያቴ ገብረ አምላክ። ከጽጽቃ ወጣ ብሎ ከአንድ ቁልቁለት ግርጌ ከንቦቻቸው ጋር ይኖሩ ነበር። አባቴ መጀመሪያ ቀን እስከ ግቢያቸው በር ድረስ እያስጮኸ ሲመጣ ንቦቹ ተቆጥተው፣ እሳቸው ከንቦቹ ብሰው ወጡ። "ጭስ የምትተፋ በቅሎህን ይዘህ ጥፋ! ንቦቼን ልታሳብድብኝ ነው?" አሉት። ከዚያ ወዲህ አባቴ አቀበቱ አናት ላይ ሲደርስ ሞተሩን ያጠፋና ፍሪሲዮኑን ይዞ ቁልቁለቱን ያለ ድምፅ ያንሸራትታት ጀመር። እኔ ከፊት ታንኩ ላይ፣ እናቴ ከኋላ ሆነን፣ ጎማው ጠጠሩን ሲረግጥ ብቻ እየተሰማ፣ የአበባው ሽታ ወደ ላይ እየመጣ መውረድ። ከዚያ የበለጠ ደስታ አላውቅም ነበር።

ታች ስንደርስ አያቴ ሁልጊዜ በር ላይ ካለው ድንጋይ ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ ቀፎዎቹ አዙረው እናገኛቸዋለን። "መጣችሁ?" ይላሉ ሳይዞሩ። አጠገባቸው ገና የተቆረጠ ማር ከነሰፈፉ በሰሃን ይቀመጣል። እኔ እኒህ ሰውዬ ቀኑን ሙሉ ማር ሲበሉ ይውላሉ ማለት ነው ብዬ እቀናባቸው ነበር።

ነገሩ የሆነው በጥቅምት ነው፣ በማር ወር። አባ ወልደ ጻድቅ፣ የአያቴ ጎረቤት፣ እግራቸው አቧራ ለብሶ ጋራዡ በር ላይ ቆሙ። አባቴ እጁ ዘይት ስለነበር ክንዱን ሰጥቶ ሰላም አላቸው።

"ይቀመጡ እንጂ አባ።"

"መቀመጡስ ይቅርብኝ ልጄ። የመጣሁበት የጭነት መኪና ጥሎኝ ይሄዳል።"

ያሲን ከሱቁ ውኃ በብርጭቆ ይዞ ብቅ አለ። "ጉሮሮዎን ያርጥቡ፣ አባ።"

"ይቆየኝ" አሉ፣ ብርጭቆውን ሳያዩት።

ከዚያ አባቴን በክንዱ ይዘው ከዳሱ ጀርባ ወሰዱት። የሚያወሩት በኽምጣንጋ ነበር። እናትና አባቴ የሚኳረፉትም የሚታረቁትም በዚያ ቋንቋ ነው፤ እኔ የከተማ ልጅ ሆኜ ቃል ከቃል እለቅማለሁ እንጂ ሙሉውን አልሰማም። የያዝኩት ሁለት ነገር ነው፤ የአያቴን ስምና "ሞተር" የሚለውን ቃል። አባቴ ደጋግሞ ራሱን ነቀነቀ። ሽማግሌው ትከሻውን መታ መታ አድርገው፣ ዓይኑን ሳያዩት ሄዱ።

እንግዲህ እኔ ፈረድኩ። አያቴ ስሞታ ልከዋል፤ ያቺ ሞተር ሁለተኛ ወደ ንቦቼ እንዳትመጣ ብለዋል። አባቴም ተቀይሟል። ፊቱ እንደዚያ አመድ የመሰለው ለዚህ ነው ብዬ ደመደምኩ። የልጅ ነገር አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ይባላል፤ የኔ ሁሉም ጥሬ ነበር።

አባቴ ያሲንን ጠርቶ ጆሮው ላይ አንሾካሾከ። ያሲን ወደ ሱቁ ገብቶ ሬዲዮውን ዘጋው። ባትሪ አልቆበት መሰለኝ።

ወዲያው እናቴ የአባቴን ምሳ ቋጥራ መጣች። እናቴ ጥሩሐረግ ስትራመድ ሁልጊዜ የምትሮጥ ነው የሚመስለው፤ ያን ቀን ግን እውነትም እየሮጠች ነበር።

"አሁን መኪና ላይ ሲወጡ ያየኋቸው አባ ወልደ ጻድቅ አይደሉም? ሰቆጣ ድረስ መጥተው እኔን ሳያዩኝ ይመለሳሉ?"

"ቸኩለው ነው" አለ አባቴ። ቀጠለና "አባትሽን ትንሽ አሟቸዋል። ነገ በጠዋት እንሄዳለን" አላት።

"ምን ነገ አለ! አሁን አስነሳት እንጂ።"

"ጥሩዬ…"

"ምንዋጋው፣ ሳይመርቀኝ ቢሞትብኝስ?"

ይህን ነገር እኔም አውቀው ነበር። አያቴ ታላቅ እህቷን፣ አክስቴ አገኘሁሽን፣ ቀፎ ሲያካፍሏት መርቀዋታል። እናቴ "የኔስ?" ስትል፣ "አንቺ የሆዴ መጨረሻ ነሽ፣ የአፌ መጨረሻም ያንቺ ነው" ብለዋታል። ቤታችን ውስጥ የሚጎድል ነገር በተገኘ ቁጥር፣ ወተቱ ሲገነፍል እንኳ፣ "ገና አልተመረቅሁማ!" እያለች ትስቅ ነበር። ያን ቀን ግን አልሳቀችም።

"ሞተሯ አትሄድም" አለ አባቴ። "ፍሪሲዮኗ አልይዝ ብሏል።"

ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። ጠዋት ደህና አልነበረች?

እናቴ ሞተሯ አጠገብ ሄዳ ቆመች። "አሳየኝ" አለችው።

አባቴ አስነሳት። ሦስተኛ ማርሽ አስገባ። ፍሬኖቹን ጥርቅም አድርጎ ያዘ፤ የእጁ ጀርባ ነጭ እስኪሆን ድረስ። ትንሽ ነዳጅ ሰጣትና ማንሻዋን ለቀቃት። ሞተሯ ድርግም ብላ ጠፋች።

"አየሽ? ትጠፋለች። መንገድ ላይ ብትጠፋብንና ቢመሽብን የጅብ ራት መሆናችን ነው።"

እኔን ያስተማረኝ ግን ተቃራኒውን ነው። ማንን እንደማስቀይም፣ ማን እንደሚቆጣ አላሰብኩም። ክፍል ውስጥ መልሱን እንደማውቅበት ጊዜ አፌ ቀደመኝ።

"አባ፣ ስትጠፋ እኮ ነው ደህና! ጠዋትም ደህና ነበረች!"

አባቴ ወደኔ ዞረ። ይመታኛል ብዬ ነበር፤ መትቶኝ አያውቅም። እሱ ግን በሚያስፈራራ ሳይሆን በሚለምን ዓይን ነበር ያየኝ። እናቴ የምሳውን ሰሃን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች። ሞተሯን አየች። አባቴን አየች።

"አንተ ትዋሸኛለህ?" አለችው። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። አባቴ አቀርቅሮ ማንሻዋን ነካካ። እሷም ወደ ሱቁ ዞረች። "ያሲን፣ አንተ ንገረኝ።"

ያሲን መሬት መሬቱን እያየ፣ "ሰብር አድርጊ እህቴ" አለ። "የአላህ ሥራ ነው።"

እናቴ በሁለት እጇ ደረቷን መታች። "አባቴን!" የሚለው ጩኸቷ ገበያው ድረስ የተሰማ ይመስለኛል። አባቴ ሳትወድቅ ደርሶ አቀፋት። እኔ እዚያው ሞተሯ አጠገብ ተገትሬ፣ ስለ አንድ ውሸት እንዲህ ይለቀሳል እንዴ እላለሁ።

ከዓመታት በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። እናቴ የአገሯን ሰው ታውቃለች። ውሸት የማያውቅ ባል ሚስቱን ከታመመ አባቷ የሚያስቀራት፣ የሚደርሱበት ነገር ካለቀ ብቻ ነው። የኔ እውነት ለእሷ መርዶ ነበር።

አባቴም ክፉ አልነበረም። እኛ ዘንድ መርዶ እንደ ደረሰ አይወረወርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ የሚያቅፍ ሰው ባለበት ነው የሚነገር። አክስቴ አገኘሁሽ የባሏን ሞት በገበያ መሃል ድንገት ሰምታ ድንጋይ ላይ ወድቃ አንድ ዓይኗ ጠፍቷል። አባቴ ያን አይቷል። እናቴን ሞተር ላይ አፈናጦ እየሄደ፣ ከአቀበቱ አናት ላይ ሆና የግቢውን ለቅሶ ስትሰማ እጇን ለቅቃ ስትወድቅ ታየው። ስለዚህ እስከ ንጋት ሊያቆያት ከሞተሯ ሌላ ሰበብ አጣ።

የዚያን ቀን ማታ ግቢያችን በሰው ተሞላ። የያሲን ሚስት ዓሲያ አግዳሚ ወንበር አመጣች፣ ሸራ ተወጠረ። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሃል ተቀምጣ፣ "የአፍህ መጨረሻ የኔ ነው ብለህ!" እያለች ታለቅስ ነበር። እኔ ዓሲያ ጭን ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በነጋታው ሚኒባስ ተይዞ ለቀስተኛው ሁሉ አብሮን ወጣ። አቀበቱ አናት ላይ ስንደርስ ወግ ነውና ሴቶቹ ለቅሶውን ጀመሩት። ቁልቁለቱን በጩኸት ወረድን። አባቴ ከፊት ወንበር ተቀምጦ እኔን አቅፎኝ ነበር፤ እግሩ ፍሪሲዮን እንደሚረግጥ ሰው ወለሉን ተጭኖ ይዞታል።

ግቢው በር ላይ ድንኳን የለም፤ የተሰበሰበ ሰውም የለም። አንድ ሁለት ጎረቤቶች እንጨት ያወርዳሉ። አክስቴ አገኘሁሽ ከቤት እየሮጠች ወጥታ በአንድ ዓይኗ አንድ በአንድ አየችን።

"ማን ነገራችሁ?" አለች። "ማን ነግሯችሁ መጣችሁ? አሁን ጎህ ሲቀድ እኮ ነው ያረፈው!"

ለቅሶው ቀጥ አለ። እንደዚያ ያለ ጸጥታ ከዚያ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም። አባ ወልደ ጻድቅ ከውስጥ ወጡና አባቴን ክንዱን ያዙት።

"እኔ ታሟል፣ ድረሱለት አይደል ያልኩህ ልጄ? ሌላ ምን አልኩህ?"

"ቤት… ወደ ቤት አልመጡም" አለ አባቴ። "ሰው ሲታመም ወደ ቤት ነው የሚመጣ። ወደኔ መጡ። ውኃም አልቀመሱም።"

"ቤት ከቀየራችሁ ወዲህ ቤታችሁን መች አውቄው! ጋራዥህን ነው የማውቀው። ወደ ጀርባ የወሰድኩህም ሕፃኗ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው። ውኃውም…" ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። "ጽጌን እጾማለሁ። የፈቃድ ጾም ነው፣ ይነገራል እንዴ?"

ይኸው ነው። ቤት የማያውቅ እግርና ጾሙን የደበቀ አፍ። ባለፈው ዓመት አባቴን፣ "ታዲያ ሞተዋል ወይ ብለህ ለምን አልጠየቅሃቸውም?" አልኩት። ካቻቢቴውን በጨርቅ እየጠረገ፣ "ብጠይቃቸውስ? ያለው ሰውም ታሟል ነው፣ የሞተውም ታሟል ነው። እኔ ከአፋቸው ሳይሆን ከአመጣጣቸው አነበብሁ" አለኝ። "ሞተር ቢሆኑ አልሳሳትም ነበር።"

አክስቴ ግን አልጨረሰችም ነበር። እናቴን አቅፋ፣ ለሷ ብላ ይሁን በሷ ተቆጥታ አላውቅም፣ ሁሉንም ነገረቻት።

"አባ ወልደ ጻድቅ 'በሞተር ይመጣሉ' ብለውት፣ አባታችን እስኪመሽ 'ሞተሯ ተሰማች?' ሲል ነው የዋለው። አቀበቱ አናት ላይ ስትደርስ ትሰማለች፣ ዝም ስትል መጡ ማለት ነው፣ እያለ። ለእናንተ ብሎ ማሩን አስቆረጠኝ። በሩን ክፈቱት፣ እንዳይጋርደኝ አለ። ምርቃቱን አፉ ላይ እንደያዘ ሄደ፣ ጥሩዬ።"

ድንጋዩን አየሁት። ሰሃኑ እላዩ ላይ ነበር፤ ማሩ ከማታ ጀምሮ አድሮ። ንቦቹ ሰፍረውበት እየቀዱ ወደ ቀፏቸው ይመልሱታል።

እኔ አሁንም አልገባኝም ነበር። አያቴ እስከ መጨረሻቸው ያቺን ሞተር እንደፈሩ ነው የመሰለኝ። አክስቴ ስታለቅስ አሳዘነችኝና ቀሚሷን ጎተት አድርጌ፣ "አክስቴ፣ ሞተሯን እኮ አላመጣናትም፤ በሚኒባስ ነው የመጣነው" አልኳት። ላጽናናት ብዬ ነው።

እናቴ ሰማችኝ። ተነስታ ወደ ድንጋዩ ሄደችና ከሰሃኑ አጠገብ፣ አባቷ ይቀመጡበት በነበረው ቦታ፣ ፊቷን ወደ ቀፎዎቹ አዙራ ተቀመጠች። አባቴ ሊጠጋት ሁለቴ ተነስቶ ሁለቴ ተመለሰ።

በድምፅ ወቅሳው አታውቅም። ያ ነው የሚከብደው። ምሳውን ታመጣለታለች፣ ልብሱን ታጥባለታለች፣ ሲያስቃትም ትስቃለች፤ ሞተር ላይ ግን አልወጣችም። ጽጽቃ ስትሄድ በሚኒባስ፣ ሚኒባስ ሲጠፋ በእግሯ። አባቴም "ውጪ" ብሏት አያውቅም። ያቺን ቀይ አሮጊት ሸጦ ሌላ ገዛ፣ እሱንም ሸጠ። እኔ አድጌ ዝምታቸውን ማንበብ ስጀምር ነው እዚያ ቤት ውስጥ ያለውን ሐዘን ያየሁት፤ አንዳንድ ጊዜ ምነው ተሳድባ በወጣላት እላለሁ።

አሁን እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ከቀበሌ ቀበሌ የምዞርበት ሞተር አለኝ፤ ከኔ በፊት ብዙ ሰው የተፈራረቀበት። ባለፈው ጥቅምት የአያቴ መታሰቢያ ዕለት ሚኒባስ ጠፋ። እናቴ በእግሬ እሄዳለሁ ብላ ዘንቢሏን አነሳች፤ ጉልበቷ ግን እንደ ድሮው አይደለም። አባቴ ከተቀመጠበት ተነሳና ወደ ሞተሬ መጣ። ማንሻዋን በጣቱ ጫፍ ነካ ነካ አደረጋት። አስነሳት፣ ሦስተኛ አስገባ፣ ፍሬኑን ጨመቀ፣ ለቀቀ። ድርግም ብላ ጠፋች።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታየው ነበር።

"ደህና ናት" አላት አባቴ። "እውነቴን ነው ጥሩዬ። ደህና ናት።"

እሷም ዘንቢሏን ለኔ ሰጠችኝና ከኋላዬ ወጥታ ተቀመጠች። ወገቤን ስትይዘኝ እጇ ይከብድ ነበር።

አቀበቱ አናት ላይ ስንደርስ፣ ታች ቀፎዎቹ ሲታዩ፣ አባቴ ያደርግ እንደነበረው ሞተሩን ላጠፋ እጄን ወደ ቁልፉ ሰደድኩ። እናቴ ትከሻዬን ያዝ አደረገችኝ።

"አታጥፊያት" አለችኝ። "ትሰማለት።"